የዘላኑ ሚስት

ዓይን አፋር ሴት ብዙ ጠበቃ አላት። እሷ ዝም ባለች ቁጥር የሚናገርላት አይጠፋም። ሲርባት «ጠግባለች» ይሉላታል፤ ስትጠግብ «አፍራ ነው እንጂ መች በላች» ብለው ይጨምሩላታል። ሕመሟን ከሐኪም ቀድመው የሚያውቁላት፣ ሐዘኗን ከእሷ ቀድመው የሚያለቅሱላት ሰዎች በዙሪያዋ ሞልተዋል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጠበቃ አጥቼ አላውቅም። ችግሩ ጠበቆቼ ደንበኛቸውን ጠይቀው አለማወቃቸው ነው። አይ፣ መዋሸት አይገባኝም፤ አንድ ቀን ጠይቀውኛል። የማወጋችሁም ስለዚያው ቀን ነው።

ከወዲሁ ይቅርታ ልጠይቅ። የደበቅሁት ነገር የሚያስደነግጥ አይደለም። ሰው አልገደልኩም፣ ቤት አላቃጠልኩም። ስጨርስ «ይኸው ነው?» ብትሉኝ አልቀየምም። ግን ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይሞቃል፤ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ መስኮት ከፍቻለሁ።

የሎስ አንጀለስ ሐበሻ ባሌን ጌታሁንን የሚያውቀው «ዘላኑ» በሚል ስም ነው። እኔን ደግሞ «የዘላኑ ሚስት» ይለኛል፤ ከኋላው «ምስኪን» የምትል ቃል አለች። ምስኪን የማትከተላትን አጭሯን ስሜን፣ ወይንሸትን፣ የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ዛሬ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባለው የፌርፋክስ ጎዳና ያኔ ገና ስም አልወጣለትም ነበር። አንድ ሁለት ምግብ ቤት፣ አንዲት ቅመም መሸጫ፣ ደጃፏ ላይ ቆመው ስለ ወረቀታቸው የሚያወሩ ወንዶች፤ በቃ። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ግሌንዴል ውስጥ መስኮት በሌለው ቢሮ ፋይል እደረድራለሁ። ጌታሁን ፓርኪንግ ይሠራል። አንድ ቀን አክስቴ «ሸጣችሁ ተጠቀሙበት» ብላ አንድ ትልቅ እስር ነጠላና ጋቢ ላከችልን። ፌርፋክስ ላይ ማን ይግዛን? ሁሉም ሰው ከአገሩ ሲወጣ ሌላውን ሁሉ ጥሎ እሱን ይዞ ነው የመጣው። ታዲያ በአሮጌ ፒክአፕ የምትጎተት፣ ጎኗን ዝገት የበላው ካራቫን ገዛን። አልጋ አላት፣ የጋዝ ምድጃ አላት፣ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ሊቆምባት የማይችል ወለልም አላት። ባሕሩን ተከትለን ወደ ላይ እየወጣን፣ በየከተማው የቅዳሜና የእሑድ ገበያ እየሸጥን፣ ዕቃው ሲያልቅ ልንመለስ ተስማማን።

«ለአንድ ሰመር ብቻ» አለ ጌታሁን።

«ለአንድ ሰመር ብቻ» አልኩ። ያኔ ከልቤ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ነጠላችን በፈረንጅ ትከሻ ላይ አልቀመጥ አለ። ያነሡታል፣ በፀሐይ ያዩታል፣ ያሳልፉታል፣ አጣጥፈው እንኳ አይመልሱትም። ቬንቱራ ላይ አንዲት ከባሕር የወጣች ሴት ውኃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ መጣች፣ አንዱን አንሥታ በመዋኛ ልብሷ ላይ ወገቧ ዙሪያ ጠመጠመችውና ከፍላ ሄደች። ጥለቱ ጉልበቷ ላይ ይወዛወዛል። ከሰዓት ጓደኞቿ መጡ። በማግሥቱ የጓደኞቿ ጓደኞች። እኛ ለቅዳሴ የምንለብሰው ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሸዋ ሆነ። ጋቢውን ደግሞ አንጥፈው ተኙበት። ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እግረ መንገዴን አወጣሁት። ከጠበቆቼ ሁሉ ቀዳሚዋ እትዬ አስካለ ይህን ቢያነቡ በነጠላው ይጀምራሉ፣ ወደ ዋናው ነገር አይደርሱም።

ዋናው ነገር ይኸውላችሁ።

ፌርፋክስ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ ድምፄ ከነጠላዬ ጠርዝ አያልፍም። ሁሉም የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል፤ የማን ልጅ እንደሆነች የምትታወቅ ሴት ደግሞ ዝቅ ብላ ነው የምትናገረው። ፒስሞ ቢች ላይ ግን የማንም ልጅ አይደለሁም። አንድ ጠዋት ጌታሁን ካራቫኑ ውስጥ ፂሙን ሲላጭ ከውጭ የሴት ጩኸት ሰማ። «ሃኒ፣ ነይ ንኪው! በእጅ የተፈተለ ነው!» እያለች ነው ሴትየዋ። ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ብቅ አለ።

«ማን ናት የምትጮኸው?»

ማንም አልነበረም። እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ መመለስ የሚባል ነገር ከሐሳቤ ወጣ። ሰመሩ አለቀ። «ሳንታ ባርባራ መስከረም ላይ ነው የሚደምቀው» አልኩ። መስከረም አለቀ። «ሞሮ ቤይ ለገና በዓል ሰው ይገዛል» አልኩ። ዕቃ ለመጫን ሎስ አንጀለስ ተመልሰን ሁለት ሳምንት ከቆየን ቀኝ እግሬ በራሷ ጊዜ መምታት ትጀምራለች፤ ወንበር ስር፣ አልጋ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳይቀር። ዓይኔ የሚያየው ጎዳናውን ነው፤ ጆሮዬ የሚሰማው ስለ ሌላ ሰው ሰርግ ነው፤ እግሬ ግን ማሊቡን አልፋለች። ቢሮውን ተውኩት። ጌታሁንም ፓርኪንጉን ተወ። ለምን ተውክ ሲሉት «መንገድ እወዳለሁ» ይላል።

አይወድም። ምስጢሩ ይኼ ነው። ጌታሁን መንገድ አይወድም። መጠምዘዣ ላይ ያጥወለውለዋል፣ የባሕር ድምፅ እንቅልፍ ይነሣዋል። የሚወደው በር ነው። ፌርፋክስ ላይ ልብስ ሰፊ የለቀቃት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች፣ በሯ ላይ ደወል የተንጠለጠለባት፤ ባለፍን ቁጥር ፒክአፑ ቀስ ይላል። «ወይኒ፣ ሰው ሲገባ ቅጭል ትላለች እኮ፣ ሰምተሻታል?» ይለኛል። እኔ ወደ ውጭ አያለሁ። አንዴም «እንግዲህ ይብቃን፣ እንቀመጥ» ብሎ ተጭኖኝ አያውቅም። ምነው ተጭኖኝ ቢሆን! እጣላው ነበር፣ ይቀለኝ ነበር።

በዚህ መሐል በአንድ ልጅ ክርስትና ላይ እትዬ አስካለ አዩኝ። እትዬ አስካለ የጋሽ በላይነህ ባለቤት ናቸው፤ ጋሽ በላይነህ ታክሲ ይነዳሉ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ የተጣላ ያስታርቃሉ፤ የተጣላ ሲጠፋ ይፈልጋሉ። እትዬ አስካለ አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ።

«ልጄ፣ ምነው እንዲህ ጠቆርሽ? ምን ሆነሽ ነው?»

አቀርቅሬ «ምንም አይደል» አልኩ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሌላ አገር ሰው «ምንም አይደል» ሲል ምንም አይደለም ማለት ነው። በእኛ ዘንድ አቀርቅራ «ምንም አይደል» ያለች ሴት ባሏ በጅራፍ እየገረፋት ነው ማለት ነው። በሳምንቱ ተጠራን።

ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ታክሲ ስለሚነዱ ሽምግልናው ሥራ በሚቀዘቅዝበት ማክሰኞ ከሰዓት፣ በጋሽ በላይነህ ቤት ሆነ። ጋሽ በላይነህ ከመሐል፣ በቀኛቸው ከኖርዝ ሆሊውድ የመጡ ነዳጅ ማደያ የሚሠሩ ጋሼ፣ በግራቸው ከግሌንዴል የመጡ ሌላ ጋሼ። እትዬ አስካለ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል፤ ሽማግሌ አይደሉም፣ ግን ፍርዱን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ጌታሁን ኮት ለብሷል። እኔ ነጠላዬን አፌ ድረስ ስቤ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጫለሁ።

«እኛ ለመፍረድ አይደለም የመጣነው» አሉ ጋሽ በላይነህ፤ ስለዚህ መፈረዱን አወቅን። «ጌታሁን፣ አንተ የጨዋ ልጅ ነህ። ግን ሚስትህን እንደ ድንኳን ትዘረጋታለህ፣ ታጥፋታለህ። እስከ መቼ?»

«ሶ፣ ልጅቷ ዲግሪ አላት» አሉ የኖርዝ ሆሊውዱ። «ዲግሪ ያላት ልጅ ሜዳ ላይ ቆማ ጨርቅ ትሸጣለች? ኦኬ ነው ይሄ? አይደለም።»

«ፊቷን እዩት እስቲ!» እትዬ አስካለ ከበሩ። «ፀሐይ በልቶ ጨርሷት!»

«አንቺ ደግሞ ተይ፣ እየተነጋገርን ነው» አሉ ጋሽ በላይነህ፣ ፊቴንም አዩት።

ጌታሁን መሬት መሬቱን ያያል። አንዲት ቃል ብትወጣው ነጻ ይወጣ ነበር። «እሷን ጠይቋት» ቢል በቃው። ግን እንዲያ ቢል ፌርፋክስ ስለ እኔ ምን እንደሚል ያውቃል፤ እግሯ ቤት የማይይዝላት ሴት ተብዬ በየክርስትናው እታማ ነበር።

ያኔ ጋሽ በላይነህ ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይኸው። ያቺን የልብስ ሰፊውን ሱቅ ባለቤቱን አነጋግረነዋል። ገብታችሁ እዩአት ብሎ ቁልፉን ሰጥቶናል። የዕቁባችንንም የመጀመሪያ ዕጣ ለአንተ ልንለቅልህ ሁላችን ተስማምተናል። ካራቫኗን ሽጥ፣ ሰው ሁን።»

አያችሁልኝ? ሊቀጡት መጥተው ዕድሜ ልኩን የተመኘውን ሰጡት። ሊያድኑኝ መጥተው በቁልፍ ሊቆልፉብኝ ነው። የጌታሁን ዓይን ቁልፉ ላይ ሲያርፍ አየሁት፤ የልጅ ዓይን ነበር።

«ልጄ ወይንሸት» አሉ ጋሽ በላይነህ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ? አትፍሪ፣ ተናገሪ።»

ጠየቁኝ። እውነት ለመናገር ጠየቁኝ። አፌን ከፈትኩ። ያ ፒስሞ ቢች ላይ አሸዋውን ተሻግሮ የሚሰማ ድምፅ የት እንደገባ አላውቅም። «እባክዎ ቁልፉን ያንሡልኝ» ልል ነው፤ «ውሰድ ጌታሁን፣ ደስ ይበልህ» ልልም ነው፤ ሁለቱ ጉሮሮዬ ላይ ተገናኝተው ተያያዙ። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩት።

«አያችሁ!» አሉ እትዬ አስካለ፣ «አያችሁ እንባዋን!» እሳቸው ማልቀስ ጀመሩ።

በልቅሷቸው መሐል ከጠረጴዛው ስር አንድ ድምፅ ነበር፤ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። ቀኝ እግሬ ናት። ሽማግሌዎቹ ቧንቧ መስሏቸው ይሆናል። ጌታሁን ግን ያውቃታል። ቁልፉን አየ፣ ደግሞ እኔን አየ፣ ደግሞ ቁልፉን። ከዚያ በአንድ ጣቱ ወደ ጋሽ በላይነህ ገፋው።

«አልችልም ጋሼ።»

«ምን አልክ?»

«መቀመጥ አልችልም። በሽታ ነው። ከአባቴ የወረስኩት ነው።» አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ከአንድ ወንበር ያልተነሣ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። «ካልተንቀሳቀስኩ እሞታለሁ። ልፍታው ካለችም ትፍታኝ፣ እኔ ግን መንገዴን አልተውም።»

የግሌንዴሉ ጋሼ፣ እስከዚያች ሰዓት ትንፍሽ ያላሉት፣ «ዘላን!» አሉና ባርኔጣቸውን አነሡ። ስሙ የወጣለት እዚያው ነው። ጋሽ በላይነህ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። እትዬ አስካለ አንገቴን አቅፈው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ፤ ለሐዘንተኛ እንደሚባለው።

በፒክአፑ ማሊቡን አለፍን። ባሕሩ በግራችን ነበር፣ ካራቫኗ ከኋላችን ትንቋቋለች።

«ለምን?» አልኩት በመጨረሻ።

«እግርሽ ጠረጴዛውን ሊሰብረው ነበር» አለኝ። «የሰው ዕቃ ነው።»

ይህን ብሎ ሳቀ። እኔ ግን የዚያን ቀን ያላለቀስኩትን አለቀስኩ፣ እየጮኽኩ፣ በፒስሞ ቢች ድምፄ። የሰማኝ እሱ ብቻ ነው።

ሱቋን ሌላ ሰው ምግብ ቤት አደረጋት። በዚያ ባለፍን ቁጥር ጌታሁን ከመንገዱ ማዶ አንድ የሚታይ ነገር ያገኛል። ስንት ዓመት በዚያ መንገድ ተመላለስን! በየሰርጉ ሴቶች «እንዴት ቻልሽው?» ይሉኛል፣ ሥጋ ከሳህናቸው ወደ ሳህኔ እያሳለፉ። አቀርቅሬ «ተችሏል» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን ቻይዋ እኔ አልነበርኩም።

አሁን የምነግራችሁ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ነው። ባለፈው ዓመት «ጌታሁን፣ እንቀመጥ» አልኩት፣ በራሴ አፍ፣ ድምፄን ሳላሳንስ። ከዚያችኛዋ ጥቂት በሮች አለፍ ብላ የምትገኝ ትንሽ ሱቅ ተከራየን። ደወል ሰቀለ። ሰው ሲገባ ቅጭል ትላለች። እኔ ባንኮው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰው ሳይ እውላለሁ፤ መቀመጥ እንዲህ ጥሩ ነገር መሆኑን ማን ነግሮኝ! እትዬ አስካለ ዛሬ ምርኩዝ ይዘው ይመጡና «ይኸው ለዚህ አበቃሽ፣ ያ ዘላን ተገራ» ይሉኛል። አቀርቅሬ ሻይ እቀዳላቸዋለሁ።

አርብ ዕለት ከሰዓት ገበያው ቀዝቅዞ ሁለታችንም ባንኮው ኋላ ተቀምጠን ነበር። ጌታሁን ቀና ብሎ በሩን፣ በበሩ መስታወት መንገዱን ያያል። ካራቫኗ እስካሁን ከቤታችን ኋላ ቆማለች፤ ሽጣት ስለው ገዢ የለም ይለኛል። ከባንኮው ስር አንድ ድምፅ ሰማሁ።

ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ።

ደንግጬ ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁ። የኔዋ ጸጥ ብላለች።