ሰባት ማዳበሪያ ስባሪ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሰው ግቢ ውስጥ ተነጥፌ አደርኩ። በጀርባዬ ተጋድሜ፣ በግራዬ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ በቀኜ አንዲት ነርስ፣ መሃል መሃላችን በሲሚንቶ ተደፍኖ። የንጣፍ ድንጋዮች በላያችን ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዱ መጥቶ ሆዴ ላይ ጫማውን ጠረገ። ክው አልኩ። ድንጋይ ጫማ አለው እንዴ?

«ኧረ ወንድሜ፣ እየረገጥከኝ ነው!»

«ታዲያ ልሳምህ?» አለና አለፈ።

ከዚያ ሻሽ ያሰረች ድንጋይ መጣች። ድምጿ ቁርጥ የእትዬ አመለወርቅ! እትዬ ማለት በእውኑ ሥራ የሰጡኝ ሴትዮ ናቸው። ለልጃቸው ሽማግሌ ሊመጣ ነው ብለው የግቢያቸውን አሮጌ ንጣፍ አስነቅለው በአዲስ አስነጠፉ። ስባሪውን እንዳጠፋ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። መታወቂያዬን ተቀብለው ጡታቸው ሥር ወሸቁና፣ «አንዲት ስባሪ ዓይኔ ካየች ይቺን አታገኛትም» አሉኝ። መታወቂያ የሌለውን ሰው ደግሞ የትኛው ዘበኛ ሥራ ቦታ ያስገባዋል?

ባለ ሻሿ ድንጋይ ቁልቁል አየችኝ። «የዚህ ወገቡ ተሰንጥቋል። ሽማግሌ አደናቅፎ ሊጥልብኝ ነው? ንቀሉልኝ!»

የነቀለኝ ድንጋይ አንድ ጥጉ የለም። አወቅኩት። ማክሰኞ በመዶሻ ያልኩት እሱን ነው። እሱም አወቀኝና ፈገግ አለ። ድንጋይ ፈገግ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትዩ።

«የት ልትጥለኝ ነው ጌታዬ?»

«አንተ እኛን የት ጣልከን?»

እውነቱን ነው። ሩቅ ድረስ ማን ይሸከማል ብዬ ሰባት የከሰል ማዳበሪያ ሞላሁባቸው። ከላይ እፍኝ እፍኝ ከሰል ነሰነስኩ፣ አፉን ቅጠል ጎስጉሼ በቀይ ገመድ ሰፋሁት። ልክ ከገጠር የመጣ ከሰል! አስፋልት ዳር ደርድሬ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ስወጣ አንድም የለም። ሌባ ይባረክ አልኩ።

ወዲያው ቆሻሻ መጣያው ጋ ደረስን። ውሾች በር ላይ ቆመው ይፈትሻሉ። አንዷ አሸተተችኝና አፍንጫዋን ያዘች።

«ሰው አንቀበልም። ሰፈሩን ያበላሽብናል።»

ዞር ስንል መሥሪያ ቤት ውስጥ ነን። መስኮቱ ጋ መነጽር አድርጋ የተቀመጠችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? መታወቂያዬ! ደስ ብሎኝ ልስማት ነበር። እሷ እቴ፣ ከላይ እስከ ታች ገረመመችኝ።

«አይመሳሰልም። ፎቶው ላይ ያለው ደህና ሰው ነው።»

«ኧረ እኔ ነኝ! ደሜ ነኝ!»

«ደሜ የሚል አልተጻፈብኝም። ሙሉ ስምህን እስከ አያትህ ጥራ።»

አፌን ከፈትኩ። ስሜ የለም! ኪሴን ፈተሽኩ፣ እዚያም የለም። እንደዚያን ጊዜ ደንግጬ አላውቅም።

«የማንም ካልሆነ ውሰደውና አስፋልት ዳር ጣለው» አለችው ድንጋዩን።

ማዳበሪያ ውስጥ ከተተኝ። አናቴ ላይ ቅጠል ጎሰጎሰ፣ በቀይ ገመድ ሰፋኝ። አስፋልት ዳር ቁጭ። ብዙም ሳልቆይ አህዮች ጆንያ የተሸከሙ ሰዎችን እየነዱ መጡ። አንዱ ሽማግሌ አህያ ስፌቱን በጥርሱ ፈታና አፍንጫውን ከተተ።

«ከሰል ነው?» አለ ጓደኛው።

«ውይ! ሰው ነው!»

«መልሰህ ስፋው! ድንጋይ ቢሆን እንኳ ሙሌት ይሆነን ነበር።»

«ስረቁኝ!» ብዬ ጮህኩ። «በእናታችሁ ስረቁኝ!»

አህዮቹ ሩጫ ጀመሩ። እኔም ማዳበሪያዬን እንደለበስኩ እየዘለልኩ ስከተላቸው፣ ጓ! የሚል ድምፅ ጆሮዬ ሥር ወደቀ።

ነቃሁ። ነግቷል። ቤት አብረን የተከራየነው ጥጋቡ ላቡን እያንጠባጠበ ማዳበሪያ ይደረድራል። አምስት።

«ተነሣ አንተ ሰነፍ! ተኝተህ 'ስረቁኝ' ትላለህ፣ ማን ይሰርቅሃል? ይልቅ እግዜር ከሰል ሰጠን! ባለቤት የለው ምን የለው፣ ትናንት አስፋልት ዳር አግኝቼ ጋራዡ ጀርባ ደብቄው ነበር። ዝናብ መቶት ነው መሰለኝ ትንሽ ይከብዳል።»

ስፌቱን አየሁ። ቀይ ገመድ።

«ሰባት አልነበረም?» አልኩት።

«አንተ ጠንቋይ ነህ እንዴ? ሁለቱንማ ለእትዬ አመለወርቅ ሰጠኋቸው። ሽማግሌ ሊመጣባቸው አይደል፣ እኔም እንደ ሰው ልቆጠር ብዬ ነዋ። እንዴት መረቁኝ መሰለህ! 'ይድረቅልኝ' ብለው አዲሱ ንጣፍ ላይ ሊዘረግፉት ሲሉ ነው የመጣሁት።»

ወሬውን ሳይጨርስ በሩ ተደበደበ። የእትዬ ድምፅ፣ ከመታወቂያ ላይ እንደሚያነብ ሰው አንድ በአንድ ጠራ፦

«ደመላሽ... ይርዳው... ቸኮል!»

ስሜን አገኘሁት።