ሶፋ ሰሪ የሞላው ጅብ

ኑ እስቲ ጠጋ በሉ፣ አጭር ናት። ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ፤ ካልጨረስኩ ተነስታችሁ ሂዱ፣ አልቀየምም።

ሰው ሲሞት እንቀብረዋለን። አውሬ ሲሞት ግን አንዳንዱን ጭድ ሞልተን ሙዚየም ውስጥ እናቆመዋለን። በሕይወት እያለ ድንጋይ ስንወረውርበት የኖርነውን፣ ከሞተ በኋላ «እንዳትነኩት፣ ቅርስ ነው» እንላለን። ብዙ አልተማርኩም፤ ይቺ ነገር ግን ሁሌ ትገርመኛለች።

የኛም ድሬ እንዲህ የተከበረ አንድ ጅብ አላት። ድሮ ሁርሶ አካባቢ ባቡር ገጭቶት፣ አንድ ግሪክ ነው አሉ ጭድ የሞላው። የሙዚየሙ ጠባቂ ጋሽ ሙሜ ጸጉራቸው የሸበተው እዚያው ጅቡ አጠገብ ነው። ባለፈው የጅቡ ሆድ ተተረተረና ጭዱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አዲሱ ኃላፊ «እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ይጣላል» አለ። ጋሽ ሙሜ ሱቄ ድረስ መጡ።

«ዋሪያ፣ አንተ ሶፋ ትሞላ የለ?»

«እሞላለሁ።»

«ጅብስ?»

«ኧረ አቦ ጋሽ ሙሜ!»

«ወላሂ እሱን ከጣሉት እኔም አብሬው ነው የምወጣው። ስናወራ ነው የኖርነው።»

ከዚህ በኋላ እንዴት እምቢ ይባላል? እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ ደግሞ ግትር ነኝ።

ሱቄን ዘግቼ ሦስት ቀን ሙዚየሙ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ቆዳው እንደ ደረቀ ወረቀት ይሰነጠቃል። ስሰፋው ይቀደዳል፤ ከሥሩ ጨርቅ አድርጌ ደግሜ እሰፋለሁ። መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ ጅብ እንደነከሰኝ ቆጠርኩት። አልተውኩትም።

ችግሩ ሙያዬ ነው። የድሬን ሰው ታውቁት የለ፤ ከምሳ በኋላ መጅሊስ ፍራሹ ላይ በክርኑ ደገፍ ካለ እስኪመሽ አይነሳም። ስለዚህ እኛ ስንሞላ በክርን ነው የምንፈትሸው። ክርን ከሰመጠ ስፖንጅ ይጨመራል። ወደ አንድ ወገን ዘመም ካለ ደንበኛው ይመልሰዋል። እኔም ጅቡን በክርኔ ጫን አልኩት። ሰመጠ። ጨመርኩ። ከኋላው ደግሞ ዝቅ ብሎ አየሁት፤ ይሄማ ነውር ነው ብዬ ከፊቱ ጋር እኩል አደረግኩት። ለካ ጅብ ሲፈጠርም ከኋላው ዝቅ ያለ ነው! ትዝ ያለኝ የመጨረሻውን ክር ከቋጠርኩ በኋላ ነው። ልፍታው ብል ቆዳው ያልቃል።

ሰኞ ኃላፊው መጣ። አንዴ ዞረው።

«ይሄ ምንድነው? በግ ነው?»

ጋሽ ሙሜ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ በመርፌ ተወግቼ ዝም አልልም።

«ጌታዬ፣ አንተም እኔም የከተማ ሰው ነን። ጅብ የሚያውቅ ሰው ይፍረድ» አልኩት።

«ይሁን። ጅብ አይደለም ካለ ግን ዛሬውኑ ይጣላል።»

እየሮጥኩ ወጥቼ ከቢዮ አዋሌ ገጠር ፍየል ሊሸጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ለምኜ አመጣሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በፍየል ጉዳይ ከጅብ ጋር ሲጣሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ተደግፈው አዩት። ጎንበስ ብለው ጥርሱን መረመሩ። የተነፋውን ሆዱን በጣታቸው ጫን አሉት፤ አልሰመጠም።

ሽማግሌው ቀና ብለው ወደ ኃላፊው ዞሩ።

«ጅብስ ጅብ ነው» አሉ። «ግን ያገባ ጅብ ነው።»