የፓስተር ይትባረክ ማጠቃለያ

ፓስተር ይትባረክ ሐዲስ ገብረየስ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ከአዳማ ተነሥተው ቀድሞ ወዳገለገሉባት የቡልቡላ ቤተ ክርስቲያን ሊሰብኩ ተመለሱ።

ወደ ቀድሞ ምእመናኑ የሚመለስን ሰባኪ የማያውቅ የለም። ከመኪናው ሲወርድ ገላው ደልቧል፤ የባረካቸው ሕፃናት ጢም አብቅለው ሲያይ ይደነግጣል፤ እርሱ የተከለው ዛፍ ለምን እንደተመለመለ ሽማግሌዎችን ይመረምራል። መድረክ ላይ ሲወጣ ደግሞ «ለማጠቃለል ያህል» ብሎ አዲስ ምዕራፍ ይገልጣል። በዚህ ረገድ ክቡር ፓስተር ይትባረክ ወደር አልነበራቸውም። እርሳቸው «ለማጠቃለል ያህል» ሲሉ እናቶች ልጆቻቸውን ያስተኙ ነበር እንጂ ነጠላቸውን አያነሡም ነበር።

ይህን ሁሉ ስብከት ለኦሮምኛ ሰሚዎች ሲያደርስ የኖረው የውሃ ፓምፕ ጠጋኙ አቶ ጉቱ ነው። ፓስተሩ በአማርኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ ጉቱ ከጎናቸው ቆሞ ያንኑ በኦሮምኛ ይላል። ሲያለቅሱ ያለቅሳል፤ ሲቈጡ ይቈጣል። «ፓስተር ኀጢአትን ይገሥጹታል፤ ጉቱ ግን ያስበረግገዋል» ይባል ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት ፓስተሩ በስብከት መካከል መጽሐፋቸውን ከደኑና፣ «ወደ አዳማ ተዛውሬአለሁ፤ ዛሬ የመጨረሻዬ ነው» አሉ። ጉቱ ይህን የሰማው ሊተረጕመው አፉን ሲከፍት ነበር። ወዳጁ ትቶት እንደሚሄድ ለሕዝቡ ያወጀው ራሱ ሆነ። ድምፁ ሳይሰበር ጨረሰ፤ ማይኩን አስቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ የፓስተሩን ስልክ አንሥቶ አያውቅም። በሰው አፍ የሚናገር ሰው አስቀድሞ ለዚያው ሰው ጆሮ ሊናገር ይገባዋል፤ ይህ የትምህርት ሳይሆን የጨዋነት ጉዳይ ነው።

በዚያ እሑድ ማለዳ ጉቱ አንድ ጫማ ብቻ አጥልቆ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«መድረክ አልወጣም» አላት ሚስቱን።

«ሕዝቡስ? ግማሹ ያለ አንተ ምን ሊሰማ ነው?» አለች ኤቢሴ።

«አኩርፌአለሁ።»

«እንግዲያው አኩርፈህ ተርጕም! እኔ ስንት ጊዜ አኩርፌ ወጥ ሠርቼልሃለሁ።»

በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፓስተሩ ሊያቅፉት እጃቸውን ዘረጉ። ጉቱ መጽሐፍ ቅዱሱን ደረቱ ላይ እንደ ጋሻ ያዘ።

«ፓስተር፣ ዛሬ የሚሉትን አስቀድመው ይንገሩኝ።»

«ኦቦ ጉቱ፣ ስብከት እኮ አስቀድሞ አይነገርም።»

«ያን ጊዜም እንዲሁ ብለውኝ ነበር።»

ስብከቱ ተጀመረ። ጉቱ አንዲት ቃል ሳይገድፍ፣ የመድኃኒት ማዘዣ እንደሚያነብ ሰው፣ ተረጐመ። ፓስተሩ ሲያለቅሱ እርሱ ጣሪያውን አየ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ተያዩ። ፓስተሩ «ለማጠቃለል ያህል» አሉ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቀጥለው መጽሐፋቸውን ከደኑ።

ጉቱ ወደ ጎኑ በር አየ። ያን ጊዜም የከደኑት እንዲሁ ነበር። አሁንም ያልነገሩትን ጕድ በእርሱ አፍ ሊያስነግሩ ከሆነ፣ ማይኩን አስቀምጦ በጎን በር ሊወጣ ቈረጠ።

ፓስተሩ ግን ፊታቸውን ወደ እርሱ መለሱ፤ ሰብከውበት በማያውቁት ቋንቋ፣ በየቃሉ እየተንገዳገዱ፣ «ጉቱ፣ ዲፈማ ናፍ ጎዲ» አሉ።

ጉቱን ልማድ አሸነፈውና፣ ለአማርኛ ሰሚዎቹ፣ «ጉቱ፣ ይቅር በለኝ» ብሎ ተረጐመ። የገዛ ስሙን በገዛ ድምፁ ሲሰማ ላብ አጠመቀው።

ፓስተሩ በዚያው በኦሮምኛቸው ቀጠሉ፤ እርሱም እየተከተለ ወደ አማርኛ መለሰው፤ «ብቻህን ብነግርህ ‹አይሂዱ› ትለኝ ነበር። ብትለኝ ደግሞ እቀር ነበር። ስለዚህ ፈራሁህ።»

ከዚያ በኋላ የሚተረጐም ነገር አልመጣም። ፓስተሩ ቆመው ጠበቁ፤ ሕዝቡም ጠበቀ። ኤቢሴ ከሴቶቹ መካከል ባሏን አፍጥጣ አየችው።

«ፓስተር» አለ ጉቱ በመጨረሻ፣ ማይኩ ክፍት መሆኑን ረስቶ፣ «ይህን ያህል ኦሮምኛ ከቻሉ፣ ያን ሁሉ ዓመት ለምን አደከሙኝ?»

ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ጉቱ ግን አልሳቀም። ማይኩን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኙን ዘረጋላቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጠሙ። ከዚያም በዚያ በቀድሞ ነጐድጓዳማ ድምፁ፣ «በሉ ይቀጥሉ፤ ገና ነዎት!» አላቸው።

ፓስተሩ አልቀጠሉም፤ ወርደው ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጡ። ፓስተር ይትባረክ ሐዲስ ገብረየስ በዚያ እሑድ «ለማጠቃለል ያህል» ብለው በእርግጥ አጠቃለሉ።