ቀላሏ ዲስክ ሩቅ ትሄዳለች

ግማሽ ቪዲዮ አይቶ ሊቅ የሚሆን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ልብሴን የሚለብሰው እሱ ነው።

ልባሽ ጨርቅ ነጋዴው ወዳጄ ዘይኑ ከፈታው ቦንዳ ውስጥ ሁለት የመወርወሪያ ዲስኮች ወጡ፤ ፈረንጅ ከሩቅ ቅርጫት ውስጥ ለማስገባት የሚወረውራቸው፣ ሳህን የሚመስሉ ፕላስቲኮች። ዘይኑ እንደ መርካቶ ሰው በእጁ መዘናቸውና «ከባዷ ኦርጅናል፣ ቀላሏ ፎርጅድ» ብሎ ፈረደ። እኔ ዝም ልል? «ሩቅ የምትሄደው ቀላሏ ናት፣ ቪዲዮ አይቻለሁ!» አልኩ።

እሑድ ጠዋት ሱቁ ሁሉ ዝግ ስለሆነ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባዶ መንገድ ላይ ወጣን። ከባዷ ቀጥ ብላ ሄዳ ቅርብ ወደቀች። ቀላሏ ግን በረረች! ልፎክር እጄን ሳነሳ ንፋስ መታት፤ ተገለበጠችና መንገድ ዳር ከተተከለ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ገባች። ለካ ስለ ንፋሱ የሚያወራው ያላየሁት ግማሽ ኖሯል!

ዘይኑ «ራስህ የወረወርካትን ራስህ አምጣ» አለኝ። ደጅ ላይ ስንቆራጠጥ ቆይቼ ገባሁ። «እግዜር ያጥናችሁ» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? አስቀመጡኝ። ንፍሮ አቀረቡልኝ፤ በምን? አጥበው፣ በዲስኳ!

ባላቸው የሞተባቸው እናት አጠገቤ መጡ፤ ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል።

«አላወቅኩህም ልጄ፤ ከሩቅ ነው የመጣኸው?»

ንፍሮዬን ዋጥ አድርጌ «አዎ እናቴ፣ ከሩቅ» አልኩ።

«ለሱ ብለህ ስትደክም! እግርህን እንቅፋት አይምታው» ብለው መረቁኝ።

«አሜን» ብዬ ዲስኳ ባዶ እስክትሆን ንፍሮዬን በላሁ።