የኪሞኖ ዘበኛዋ እትዬ ቶሚኤ

በጃፓን ምድር የመንገድ መብራት የሌለው ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ የባህል ልብሳችን የኪሞኖ ዘበኛ የሌለው ሰፈር ግን የለም። የሾማት የለም፣ ደመወዝም አትቀበልም፤ ዓይኗ ግን ከሰው መቀነት ላይ አይነሳም። እኛ የካናዛዋ ሰዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ቶሚኤ ናቸው። ፊት ለፊት "እትዬ" እንላቸዋለን፤ ከኋላ የምንላቸውን አልጽፈውም።

"አንዴ ቁሚልኝማ!" ካሉ አለቀልሽ። በኪሞኖሽ ብብት በኩል በተተወው ክፍተት እጃቸውን ሰድደው፣ ወገብሽ ላይ የተሰበሰበውን ጨርቅ ቁልቁል ጎትተው፣ መቀነትሽን ትንፋሽ እስኪያጥርሽ ያጠብቁታል። ከዚያ "ይኸው፣ አሁን ሰው መሰልሽ" ብለው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አንድ ጎረምሳ የኪሞኖውን የቀኝ ጫፍ ከላይ ደርቦ ቆሟል።

"ልጄ፣ ቀብርህ ስንት ሰዓት ነው?" አሉት እትዬ።

"እ?"

"ቀኙን ከላይ አድርገን የምናለብሰው ሬሳ ነው። በል ና፣ ላስነሳህ!"

ከፌርማታው ጀርባ ወስደው ግራውን ከላይ አድርገው አለበሱት። የመጣው አውቶቡስ ሾፌር ስለሚያውቃቸው ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ።

እኔንም በሜይ ሙቀት ገበር የሌለው ኪሞኖ ለብሼ ስወጣ ያዙኝ። ገበር የሚወልቀው በጁን ነዋ! "እትዬ፣ ይሞቃል እኮ" ብላቸው፣ "የተሳሳተው ሙቀቱ ነው" አሉኝ። በመከር ደግሞ ኪሞኖዎቻቸውን ከሳጥን አውጥተው ጥላ ውስጥ ሲያናፍሱ፣ ሽታው እንዳይዝባቸው በሰፈሩ ዓሣ መጥበስ ክልክል ነው። ባለቤቴ ረስቶ ከሰል ቢያቀጣጥል ባልዲ ውሃ ይዘው መጡበት። እውነቱን ልናገር፣ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን ልጄ ማሂሮ ሃያ ልትሞላ ሆነ። በጃንዋሪው የጉልምስና በዓል ላይ ከሟች እናቴ የልጃገረድነት ኪሞኖ ሌላ አልለብስም አለች። ስትሞክረው እጅጌው ከእጇ አንጓ በላይ ቀረ፣ ቁርጭምጭሚቷም ወጣ። ኪሞኖ ሱቅ ብንወስደው "ይሄ አይሆንም፣ ከኛ ተከራዩ" አሉን። ማሂሮ ኪሞኖውን ታቅፋ፣ "ከአያቴ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው" እያለች አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ፣ እሷን አስከትዬ የእትዬ ቶሚኤን በር አንኳኳሁ።

ኪሞኖውን ገልብጠው ስፌቱን ዳበሱት።

"የሰፋው ሰው ሞኝ አልነበረም። ጨርቁን ሳይቆርጥ ውስጥ አጥፎ ደብቆታል። ለማን ይመስልሻል? ለዚች ለለግላጋዋ ነዋ!"

ስፌቱን በሙሉ ተረተሩት። ቁርጥራጮቹን መልሰው ጫፍ ለጫፍ ቢያያይዙ እንደገና አንድ ረጅም ጥቅል ጨርቅ ሆነ። አጠቡት፣ በባሕር አረም ሙጫ አሹት፣ በቀጫጭን ቀርከሃ ወጥረው ግቢያቸው ውስጥ አሰጡት። ከዚያ ለማሂሮ ልክ ሰፉት።

ቁመቱን ለማስረዘም የተፈታው እጥፋት መቀነት ስር ተደበቀ። ትከሻው ላይ ግን ውስጥ ተደብቆ የኖረው ጨርቅ ቀለሙ አልለቀቀም ነበርና በሁለቱም በኩል ደማቅ ቀይ መስመር ወጣ። ሲያዩት በሩቁ ያስታውቃል። እትዬ ቶሚኤ መስመሩን በጣታቸው ዳብሰው ኪሞኖውን አጣጥፈው ሰጡን። እሳቸው ያለ ነቀፋ ሲያልፉ አላውቅምና ፈራሁ።

የበዓሉ ቀን በረዶ እየጣለ ከእትዬ ቶሚኤ ጋር አዳራሹ በር ላይ ደረስን። አንዲት የሌላ ሰፈር የኪሞኖ ዘበኛ ማሂሮን አስቆመቻት።

"ምነው የኔ ልጅ! ትከሻሽ ላይ መስመር አለ እኮ። በዚህ ቀን እንዲህ ሆኖ ይወጣል?"

ማሂሮ ፊቷ ዓመድ መሰለ። ወደ ቤት ልትመለስ ዞር ስትል እትዬ ቶሚኤ መሃል ገቡ።

"አዎ፣ መስመር አለ" አሉ። "እስከ መስመሩ ድረስ የአያቷ ትከሻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የሷ ነው።"

ሴትየዋ ለማሂሮ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

እኔ እዚያው በረዶ ላይ ቆሜ እንባዬን ለቀቅሁት። እኚህን ነዝናዛ ሴትዮ እወዳቸዋለሁ፤ ሰፈሩ ይስማ! ማሂሮ ግን አላለቀሰችም። መስመሩን በጣቷ እየዳሰሰች ጠጋ አለቻቸው።

"እትዬ፣ ለኔ ልጅስ የሚሆን ጨርቅ ቀርቷል?"

"አጥፌ ትቼላታለሁ" አሏት። "ብቻ አደራ፣ አጠር ያለ ባል ፈልጊ።"