ድንጋይ ማለስለስ እንዴት እንደተውኩ

በእኛ በድሬዎች ዘንድ ሰው አንድ ነገር ሲጀምር ይመረመራል፤ ሲተው ይመረቃል። ለምን እንደጀመርክ የማይጠይቅህ የለም። ማን አስተማረህ፣ ይሸጣል ወይ፣ ምን ቆርጦህ ገባህበት፣ ሚስትህ ታውቃለች ወይ፣ እያሉ ላብ በላብ ያደርጉሃል፤ ሙቀቱ አንሶህ ይመስል። ለምን እንደተውክ ግን አንድ ነፍስ አይጠይቅህም። ሲጋራ ተውኩ በል፣ "አልሐምዱሊላህ!" ነው። ጫት ተውኩ በል፣ አያምኑህም እንጂ ቢያምኑህ ያቅፉሃል። ኳስ ማየት ተውኩ፣ ፌስቡክ ተውኩ፣ ከእገሌ ጋር መነጋገር ተውኩ ብትል እንኳ "ጎበዝ፣ ተገላገልክ!" ይሉሃል። መተው ሁሉ መዳን ይመስለናል። እኔም ድንጋይ ማለስለስ የተውኩ ጊዜ ሰፈሬ ለገሀሬ ያለ ጎረቤት በሙሉ፣ ከመስጊድ የሚመለሰውም ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውም፣ እንኳን ደስ ያለህ ብሎኛል። "ለምን ተውከው?" ያለኝ ግን የለም። እናንተም አልጠየቃችሁኝም፤ ግድ የለም፣ ልንገራችሁ። እናንተ ባለቤቴን አታውቋትም፤ ለዚህ ወሬ ይህ ጥሩ ነገር ነው።

ድንጋይ ማለስለስ ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው ትሉ ይሆናል። ሥራ አይደለም፤ ጉዱም እሱ ነው። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት የባቡር ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት ስቀርጽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈትቶ አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ቀን በስልክ አንድ ፈረንጅ ተራ ጠጠር በበርሜል አዙሮ አዙሮ እንደ ዓይን ብሌን ሲያብለጨልጨው አየሁና ከቀፊራ ገበያ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተር ገዛሁ። በርሜሉን ከፕላስቲክ ጀሪካን ሠራሁት፤ ውስጡን በመኪና ጎማ ካላማዳሪያ አለበስኩት። ድንጋዩን ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ለቀምኩ። ከዚያ ድንጋዩን፣ ውሃውንና ጋራዥ ቫልቭ የሚሞርዱበትን ሻካራ ዱቄት ጨምሮ ክዳኑን መግጠምና ማዞር ነው። በየሳምንቱ ዱቄቱ እየላመ ይሄዳል። አንድ ወር ሙሉ፣ ቀንም ሌትም። በመጨረሻ የሚገኘው ድንጋይ ውሃ ሲነካው የሚያሳየውን መልክ ደርቆም ይዞት ይቀራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ጥቅም የለውም።

ይህን ጥቅም የለሽነት ለድሬ ሰው ማስረዳት አይሞከርም። በርጫ ላይ ስናወራ አንዱ ወዳጄ ጉንጩን እንደወጠረ፣ "ወሪያ ታዴ፣ ደቻቱ በነፃ የሚያለሰልሰውን ድንጋይ አንተ በመብራት?" ብሎኝ ሰው ሁሉ ሳቁን ለቀቀው። እኔም ስቄያለሁ፤ ልክ ነዋ! ከግድግዳው ማዶ ያሉት አዴ ኑሪያ ደግሞ ይህ ቤት ጅብ ያረባል ብለው አስወሩብኝ። በእርግጥ ድምፁ ሲሰማ ሰው የናቀ አንድ ጅብ በራፍህ ላይ ቁጭ ብሎ አጥንት የሚቆረጥም ይመስላል። "አቦ ታዴ፣ ዛሬም አልጠገበም?" ይሉኛል ጠዋት ጠዋት። ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ አላጠፋውም።

እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኔ ድንጋይ ወድጄ አይደለም። ጫጫታው ነው የፈለግኩት።

ልጃችን ኤልያስ፣ ኤላ እንለዋለን፣ አንድ ቅዳሜ መልካ ጀብዱ የጓደኛዬ ሰርግ አለ ብሎ ወጣ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ተመርቆ ሁለት ዓመት ቁጭ ብሏል፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥቂት ወር ሠርቶ ሥራ ቀነሱና እሱም ተቀነሰ። ለሰርግ ብሎ ሁለት ሱሪና ሦስት ቲሸርት ሲይዝ እያየሁ ዝም ብያለሁ። መልካ ጀብዱ እኮ ከዚህ ተነስተህ ሻይህ ሳይበርድ የምትደርስበት ቦታ ነው። በአራተኛው ቀን በሰው ስልክ ደወለ፤ ጅቡቲ ነው ያለው። ባሕሩን ተሻግሮ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ ሊሄድ ነው።

ባለቤቴ ሶፊያ ስልኩን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ተመለስ! አሁኑኑ ተመለስ!" አለችው። ሳቀባት፤ ያችን የለመድናትን ሳቁን። "አሁን ተናደሽ ነው፣ እማዬ" አላት። "ጀልባው ላይ ከመውጣቴ በፊት እደውልልሻለሁ። ባሕሩን ሳየው እኔም መፍራቴ አይቀርም። ያኔ ተመለስ ካልሽኝ፣ ወላሂ እመለሳለሁ።" መቼ እንደሆነ አላወቀም። ደላላው ነው የሚያውቀው። የራሱን ስልክ ሸጦታል፤ በቃሉ የሚያውቀውም የእሷን ቁጥር ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ስልክ በቤታችን ውስጥ አራስ ልጅ ሆነች። ሶፊያ ወጥ ቤትም ሽንት ቤትም ይዛት ትገባለች። ስትተኛ ደረቷ ላይ ነች። ቴሌቪዥን ተዘጋ፤ እኛም በሹክሹክታ መነጋገር ጀመርን። ስልክ እንዳይደወል የምንፈራ እንመስል ነበር እንጂ እንዲደወል የምንጸልይ አንመስልም። ያ ዝምታ ገደለኝ። ሞተሩን የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው። ጡረታ ምናምን ያልኳችሁን ተዉት፤ ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ሶፊያ በዝምታ ጠበቀች፣ እኔ በጫጫታ። አንድም ቀን አጥፋው አላለችኝም።

አምስተኛው ሳምንት ላይ መብራት ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን ልክ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። የሶፊያ ስልክ ያን ዕለት ረፋዱ ላይ ነው ባትሪው አልቆ የተዘጋው። እሷ ደግሞ መጋላ ሰፈር ለቅሶ አለባት፤ የአብሮ አደጓ እናት ናቸው የሞቱት፣ አይቀርም። ስልኩን ሰካችው። ቤታችን ውስጥ የሚሠራ ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ ማከፋፈያውን ያው የእኔ ሞተር አቅልጦታል። "አደራህን" አለችኝ ነጠላዋን እያጣፋች። "ከፍተህ አጠገቡ ተቀመጥ። ከደወለ፣ እናትህ ተመለስ ብላሃለች በለው። ሌላ ነገር አትጨምር።" እሺ አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው እሺ ያልኳት።

ሄደች። እኔ በርሜሉን አየሁት። ሁለት ቀን ቆሞ ጭቃው ከታች ረግቷል፤ ትንሽ ከቆየ እንደ ሲሚንቶ ይይዝና የሦስት ሳምንት ልፋቴ ገደል ይገባል። ስልኩ ገና አልተከፈተም። ግማሽ ሰዓት ብቻ ላላቅቀው አልኩ ለራሴ። አምስት ሳምንት ያልደወለ ልጅ በዚህች ግማሽ ሰዓት ይደውላል? ስልኩን ነቀልኩ። ሞተሩን ሰካሁ።

የድሬን ቀትር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሰባት እስከ አስር ከተማው የለም፤ ባጃጁም ጥላ ስር ተኝቷል። ሁለት ቀን ያለ ቬንትሌተር ያደረ ሰውነት፣ የለመድኩት ጫጫታ፣ ፍራሽ። ስነቃ አስር ሰዓት ሆኗል።

ተነስቼ ሞተሩን ነቀልኩ፤ ስልኩን ሰካሁ። እስኪከፈት ድረስ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመርኩ፤ አንዱንም አልጨረስኩ። ተከፈተ። መልእክት ገባ፤ ስልክዎ ዝግ በነበረበት ሰዓት ይህ ቁጥር ሦስት ጊዜ ደውሎልዎታል ይላል። የጅቡቲ ቁጥር ነው። መልሼ ደወልኩ። በሶማሊኛ የሚያወራ ሰው አነሳ፤ ባለ ሻይ ቤት ነው። እነዚያ ልጆች ከሄዱ ቆዩ አለኝ። አንዱ እየደጋገመ ሲደውል ጓደኞቹ ና እያሉ ይጮሁበት ነበር አለኝ። "እናቴ ተቀይማኝ ስልኳን ዘግታብኛለች" ብሎ ስልኩን መለሰልኝና ተከተላቸው አለኝ ሰውዬው። ጨዋ ልጅ ነው፣ አመስግኖኛል አለኝ።

መልእክቱን አጠፋሁት። ሶፊያ ከለቅሶ ስትመለስ ገና ከበራፍ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ "ደወለ?" አለች። አልደወለም አልኳት። ነገ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልነጋም፤ ዘጠኝ ወር ሞላው።

ከኤላ ምንም የለም። እስር ቤት ነው የሚል አለ። ሳዑዲ ገብቶ በግ ይጠብቃል የሚል አለ። ደላላው ራሱ ጠፍቷል። እኔ የማስበውን አፌ ላይ አላመጣውም፤ ሆድ ይፍጀው።

ድንጋዮቹን በማግስቱ በሳፋ ተሸክሜ ደቻቱ ደፋኋቸው። ለሶፊያ አዴ ኑሪያ አማረሩ አልኳት። አያችሁ፣ አንዴ የዋሸ ሰው ጎረቤቱንም አይምርም። አዴ ኑሪያ በበኩላቸው እኔ ነኝ ያስቆምኩት እያሉ ሰፈሩን አዳረሱት፤ አንድ ሰሃን ሳምቡሳም ላኩልኝ። በላሁት። ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ "ተገላገልክ" ሲለኝ አሜን እላለሁ። ሞተሩን ግን መጣል አልሆነልኝም፤ ቶርኖ ላይ ያረጀ ሰው ደህና ሞተር አይጥልም። ከነበርሜሉ አልጋ ስር አስቀመጥኩት።

ባለፈው ሳምንት፣ ምሳ በልተን ከተማው ጸጥ እንዳለ፣ ሶፊያ አልጋው ስር ጎንበስ ብላ ሞተሩንም በርሜሉንም እየጎተተች አወጣቻቸው። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው።

"አስነሳው" አለችኝ።

ምኑን አልኳት፤ ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም።

"ይህን ነዋ። ቤቱ ጸጥ ሲል ስልኩ አለመጥራቱ ይሰማኛል" አለች። "ቀኑን ሙሉ አለመጥራቱን ስሰማ እውላለሁ። ደከመኝ፣ አንተ። ይጩህልኝ።"

ድንጋይ የለም አልኳት። ባዶውን ይዙር አለች። አዴ ኑሪያስ አልኳት። አዴ ኑሪያን እኔ እለምናቸዋለሁ አለች። ሰበብ አለቀብኝ። ከዚያ ወደ ሶኬቱ ሄደች፤ ስልኳ ቻርጅ ላይ ነበር። በገዛ እጇ ነቀለችው። እኔን አምናኝ፣ ስልኩን እጄ ላይ አኑራ፣ "መቶ ሞልቷል፣ አንተ ያዘው" አለችና የሞተሩን ገመድ አቀበለችኝ።

መንገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። አልነገርኳትም። ሰካሁት። በርሜሉ ባዶውን እያንኳኳ መዞር ጀመረ። ሶፊያ ፍራሹ ላይ ጋደም አለች፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስልኩ ደረቷ ላይ ሳይኖር ስትተኛ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ቢጮህም እንደማልሰማው ስለማውቅ፣ እስክትነቃ ድረስ ዓይኔን ከስልኩ ላይ ሳልነቅል ቆየሁ። ማንም አልደወለም።