የፕላዝማ መደብ

ለሁሉም ነገር መደብ ካላወጣለት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ጉለሌ የቀበሌው ካድሬ እንዲያ ነበር። ዶሮ ቢያይ እንኳ «መደቧ ምንድን ነው?» ይላል።

በታላቅ ወንድሜ ሠልስት ለቅሶ ሊደርስ ድንኳናችን ገባ። እናቴ ከቀብር ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ደግሞ ዝምታው ሲጨንቀኝ፣ ወንድሜ ይወደው የነበረውን ፊዚክስ ማውራት ጀመርኩ።

«ጋዝ በጣም ሲግል ፕላዝማ ይሆናል። ፀሐይም ፕላዝማ ናት። እ... ማለቴ፣ ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሙ ነፃ ይወጣሉ።»

ካድሬው ብድግ አለ። «ማን ነፃ አወጣቸው?»

«ሙቀት።»

«ትግል በል እንጂ! በቃ፣ ፕላዝማ ተራማጅ ነው!»

«ጓድ» አሉ ሽማግሌው ሸማኔ ጎረቤታችን፣ «ፀሐይ ተራማጅ ከሆነች ማታ ማታ የት ትሄዳለች?»

«ስብሰባ!»

ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ካድሬው ግን ገና አልበቃውም፤ ወደ እናቴ ዞሮ «የሟቹስ መደብ?» አላት።

እናቴ ቀና አለች። «በሩ አጠገብ ያለችው ናት፤ እሷ ላይ ነው የሚተኛው። ዛሬም አንጥፌለታለሁ።»

ካድሬው ቆቡን አወለቀና እናቴ እግር ስር መሬት ላይ ተቀመጠ።